ለዝሆን የተሰናዳ ሻንጣ

ቤታችሁ የሚመጣ ሰው ሁሉ ድንገት ስለ ዝሆን መጠየቅ ከጀመረ ጠርጥሩ።

እኔ አልጠረጠርኩም። ዓርብ ንጋት ላይ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርትመንቴ ሲንኳኳ፣ ወደ ኤርፖርት የሚወስደኝ ሰው ቀን ተሳስቶ የመጣ ነበር የመሰለኝ። በረራዬ ቅዳሜ ነበራ! በሩን ስከፍት ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወንዶቹ ምንጣፉን ያያሉ። የማኅበራችን ሽማግሌ ጋሽ ደምሴ ከፊት ቆመው፣ በገዛ ቤቴ፣ “ጥሩነሽ ልጄ፣ እስቲ ግቢና ቁጭ በይ” አሉኝ።

የአገራችንን ወግ የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይነገረዋል? ሁሉም ገብቶኛል። ግን ሰው ሲደነግጥ አፉ የራሱን መንገድ ይሄዳል። በሩ አጠገብ የቆመውን ሻንጣዬን አየሁና፣ “ዝሆኑስ?” አልኩ። የባሌን መርዶ ሰምቼ መጀመሪያ ያልኩት ይህን ነው። የባሌ እህት አስካለ እስከ ዛሬ ታወራብኛለች።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ዘንድሮ ያንኑ ጉዞ እንደገና እያቀድኩ ነው። ደቡብ ህንድ፣ ጫካ ውስጥ ያለ የዱር አራዊት ፓርክ። ትሂድ አትሂድ የሚለው ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ የሰው ወሬ ሆኗል። እናንተም ስሙና ፍረዱ።

ባሌ ሰይፉ ደብረ ማርቆስ ሲማር የፊዚክስ አስተማሪው ህንዳዊ ነበሩ። ያኔ እኮ ፊዚክስ ከህንዳዊ ካልተማራችሁት የተማራችሁ አይመስልም። ሚስተር ማቲው ይባላሉ፤ አገራቸው ኬራላ ነው። አንድ ቀን ስለ ፍጥነት ሲያስተምሩ ከነገሩ ወጡና፣ እኛ አገር ጫካ ውስጥ ዝሆን መንገድ ሲሻገር አውቶቡስ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል አሉ። ሹፌሩ ጥሩምባ አይነፋም። ተሳፋሪው አይጮህም። ዝሆኑ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ቢያስብም፣ እስኪጨርስ ይጠበቃል። ይህን ብለው ራሳቸው ከጥቁር ሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ እጃቸውን እንደ ኩምቢ አንጠልጥለው፣ ቀስ እያሉ ተሻገሩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰይፉ ፊዚክሱን ረሳው፤ ዝሆኑን ግን ያዘ።

ከዚያ ኑሮ አመጣንና ሰይፉ እዚህ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሮክቪል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ። ያ ቢጫው አውቶቡስ ቆሞ ቀይ መብራቱን ሲያበራ የፊቱም የኋላውም መኪና ቀጥ ይላል። ቸኩያለሁ ብሎ ነገር የለም። ሰይፉ በዚህ ደስ ይለው ነበር። ማታ ሲመጣ፣ “ዛሬ አንድ ሚሊየነር አስቆምኩ” ይለኛል። እና ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረች። “ጥሩ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስቆም ኖርኩ። እስቲ አንድ ጊዜ እኔን የሚያስቆመኝን ልየው።”

አስካለ ይህን ስትሰማ ትበሳጫለች። “ወንድሜ፣ ዝሆን ካማረህ የዋሽንግተን መካነ አራዊት አለልህ እኮ! በነጻ! ሬድ ላይን ባቡሩን ይዘህ ትሄዳለህ” ትለዋለች። እሱ ምን አላት? “አስኩ፣ እስረኛ መጠየቅ ሌላ፣ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ሌላ።”

ችግሩ ጊዜው ነበር። የትምህርት ቤት ሹፌር ትምህርት ሲዘጋ ካልሆነ አይንቀሳቀስም። በክረምት እንዳንሄድ እዚያ ዝናቡ ሌላ ነው፤ ዝሆኑም ሰዉም ይደበቃል። በፈረንጅ ገና እንዳንሄድ የእኛ የገና ጾም ነው። ስፕሪንግ ብሬክ ሲመጣ ደግሞ ሁዳዴ። ፈረንጅ ዕረፍት የሚሰጠው የእኛን የጾም ቀን አይቶ ነው እንዴ? በሁዳዴ ሽርሽር የሚሄድ ኦርቶዶክስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰይፉ ግን አሰበና፣ “ህንድ አገር ዓመቱን ሙሉ ጾም አይደለም እንዴ! አትክልት ነው የሚበሉት። ለእኛ የተሠራ አገር ነው” አለ።

ለማንኛውም ብለን የነፍስ አባታችንን ጠየቅናቸው። “አባታችን፣ በጾም ህንድ አገር ብንሄድ ምን ይመስልዎታል?” አልናቸው። ምን ልታደርጉ አሉ። ዝሆን ልናይ አልን። እሳቸውም፣ “አትበሉትም አይደል?” አሉን። አንበላውም አልን። “እንግዲያስ ምን ገዶኝ።”

ፈቃድ ተገኘ። አሁን የቀረው ጫካው ጥግ ያለችው የእንግዳ ማረፊያ ናት። ሰይፉ ጻፈላቸው። ምግባችን ሁሉ አትክልት ነው፣ አይጨነቁ ብለው መለሱ። እሱ ግን ህንዶች አትክልቱን በቅቤ እንደሚያቁላሉ ሰምቷል። እንደገና ጻፈ። ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እርጎ የለም፣ አይብ የለም፤ በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አንቀምስም። እኔ ደግሞ ከኋላው ቆሜ፣ “ቁርስ ያለበትን ክፍል እኮ ነው የያዝከው” እለዋለሁ። የማረፊያዋ ሰዎች ደንግጠው፣ ጌታው ምን ዓይነት ሕመም ነው ያለባቸው ብለው ጠየቁ። እሱም ስለ ሁዳዴ የጻፈላቸው ደብዳቤ ስብከት ይወጣዋል። በመጨረሻ የማረፊያዋ ወጥ ቤት ሠራተኛ ራሱ መለሰ። ገብቶኛል፤ በኮኮናት ዘይት እሠራልዎታለሁ፣ ከአሁኑ እየሞከርኩ ነው አለ። ሰይፉ ያን ቀን የዘለለውን ዝላይ!

ከዚያ ሰይፉ ቀድሞኝ አዲስ አበባ ሄደ። ታላቅ እህቱን ጥቂት ቀን ሊያጫውታት። እኔ ቅዳሜ ተነሥቼ እዚያው አገኘውና አብረን ወደ ህንድ እንበራለን። ሻንጣ ማሰናዳቱን ለእኔ ጣለው። ማክሰኞ ደውሎ፣ “ባይናኩላሩን እንዳትረሺ” አለኝ፤ ሩቅ የሚያሳየውን መነጽር። የዓለም መሰነባበቻችን ይህች ሆነች። ሰው ምነው ሌላ ነገር ባልኩት ብሎ ይቆጫል። እኔ ግን “እሺ፣ አንተም ካልሲህን አጥብ” ነበር ያልኩት። ምን ላድርግ?

ረቡዕ አስካለ መጣች። ከአሌክሳንድሪያ፣ በሥራ ቀን፣ በራሽ አወር! መኪና በተጨናነቀበት ሰዓት ያን የቀለበት መንገድ፣ ቤልትዌይን፣ አቋርጦ የሚመጣ ሰው ወይ አብዷል ወይ ሰው ሞቶበታል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን፣ “ውይ አስኩ፣ ሻንጣ ልታግዢኝ?” አልኳት። እሷም፣ “አዎ፣ ሻንጣ” አለች። ዓይኗ ደም መስሏል። ምነው ስላት፣ “አለርጂ ነው” አለች። እውነትም መኪናው ሁሉ በአበባ ብናኝ ቢጫ የለበሰበት ሰሞን ነበር። ሮጬ የአለርጂ ኪኒን አመጣሁላት። እንቅልፍ የማያመጣውን መርጬ። ወንድሟ የሞተባት ሴት ፊቴ ቆማ ያን ኪኒን ዋጠችው።

ሻንጣውን ከፈትነው። ፓርኩ ደማቅ ልብስ አትልበሱ ብሏል አልኳት። አስካለ ፊቷ በራ። “እኮ! ጥቁር ይሻልሻል” ብላ ጥቁር ቀሚሴን ከተተች። ጥቁር ቢምቢ ይስባል አልኳት። “የህንድ ቢምቢ ቀለም አይመርጥም” አለችና ጥቁር ሹራብ ጨመረች። ጥቁር ሻርፕ። ጥቁር ጫማ። “አስኩ፣ ዝሆኑ ጳጳስ የመጣ እንዳይመስለው” ብዬ እኔ ሳቅኩ። እሷ አለርጂው ባሰባት።

ማታ ጋሽ ደምሴና ባለቤታቸው መጡ። ከእነሱ በኋላ ከግሪንቤልት፣ ከስፕሪንግፊልድ፣ ሰው እየተከታተለ። ሽሮውም ምስሩም በፎይል ተሸፍኖ ይገባል። መንገደኛ ልንሸኝ ነው አሉኝ። አያችሁ፣ ምን ያህል እንደምወደድ! እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። ሰይፉ ስልክ አያነሳም ስል፣ ሁሉም በአንድ አፍ፣ “ኔትወርክ ነው!” አሉ። የአገራችንን ኔትወርክ ማን ይጠራጠራል?

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ዝሆኑ ምን ይበላል? ቀርከሃ አልኩ። ነብር አለ ወይ? አለ፣ ግን ለሁሉም አይታይም። ስለ ዝሆን ግድ የነበራቸው ሰዎች አልነበሩም እኮ! ያን ማታ ግን አፌን ነው የሚያዩት። ወሬው ቆም ካለ የሚያለቅሱት እነሱ ናቸው፤ ያኔ አላወቅሁም። ጋሽ ደምሴ፣ “ዝሆን ዘመዱን ያውቃል?” አሉኝ። ሰይፉ የነገረኝን ነገርኳቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሲሞት ከበው ይቆማሉ፤ ቶሎ ትተውት አይሄዱም አልኳቸው። እሳቸው ብድግ ብለው መታጠቢያ ቤት ገቡ። ውሃው ብዙ ፈሰሰ። ሲወጡ፣ “እ፣ ወደ ዝሆኑ እንመለስ” አሉ።

ልጄ ልያስ? እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አሌክሳንድሪያ ነው ሥራዋም ቤቷም። ሌላ ጊዜ በቀን ደጋግማ ደውላ ፓስፖርትሽ፣ ክትባትሽ ትለኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ልብ ብቻ ትልካለች። ቀይ ልብ፣ ሌላ ቀይ ልብ። ድምፄን ከሰማች መዋሸት እንደማትችል ራሷን ታውቃለች። ሽማግሌዎቹ ከልክለዋት ነው። ጋሽ ደምሴ፣ “ትኬቷ ቅዳሜ ነው፤ ከዚያ በፊት የምትደርስበት የለም። ዛሬ ብንነግራት ምን ትሠራለች? ትተኛ፣ እህል ትቅመስ፣ ዓርብ ንጋት ላይ ተሰብስበን እናርዳታለን” ብለዋታል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ጠራ። ሰይፉ ማክሰኞ ተኝቶ ረቡዕ ሳይነሳ ቀርቷል። ልቡ ናት።

ቅዳሜ በዚያው ትኬቴ ሄድኩ፤ አስካለና ልያ ግራና ቀኝ ይዘውኝ። ለባሌ ቀብር የደረስኩት ለዝሆን በተሰናዳ ሻንጣ ነው። ታላቅ እህቱ ቤት ስንከፍተው ከላይ ያ ሁሉ ጥቁር ልብስ። ከሥሩ ግን የፀሐይ መከላከያው ሰንስክሪን፣ የቢምቢ ቅባት፣ ባይናኩላር፣ አገጭ ላይ የሚታሰር ሰፊ ባርኔጣ። ታላቅ እህቱ ባርኔጣውን አንሥተው አገላበጡና፣ “ይኼ ደግሞ የአሜሪካ የሐዘን ልብስ ነው?” አሉ። አስካለ ቀድማ ፈነዳች። ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ልያ። ልቅሶ ቤት ሳቅ ነውር ነው፤ ነጠላ ተከናንበን ተቃቅፈን ትከሻችን እስኪርገፈገፍ ሳቅን። ደጅ የተቀመጡት፣ “አይ እነዚህ ልጆች፣ አንጀታቸው አለቀ” እያሉ አብረውን አለቀሱ። ደግሞም አልተሳሳቱም።

ከተመለስን በኋላ ልያ ቁጣዋን አወጣችው። “ማሚ፣ ዛት ዋዝ ክሩኤል፣ ጭካኔ ነው! ሁሉም ያውቃል፣ አንቺ ሰንስክሪን ትገዢያለሽ! አይ ኸልፕድ ዜም! ደግሞ እኔም ረዳኋቸው” አለችና አለቀሰች። ጋሽ ደምሴ አጠገባችን ነበሩ። “አንቺን ወዲያው ነው የምንነግርሽ ልጄ፤ በቴክስት” አሏት። ልያ አልሳቀችም። ልጅቷ እውነቷን ነው ብዬ አሰብኩ። ቂም ባልለውም፣ በእነዚያ የረቡዕና የሐሙስ እንግዶች ላይ አንዳች ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

ዘንድሮ ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ልሄድ ወሰንኩ። ሰይፉ ሊያይ የፈለገውን ሳያይ ቀረ። እኔም ካላየሁለት ማን ያይለታል? አስካለ ስትሰማ ጮኸች። “ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁሯን አውልቃ ዝሆን ልታይ ሄደች ይበሉሽ? ሰው ምን ይላል?” ሰውማ ምን የማይለው አለ? ይልቅ የፈራሁት ሌላ ነው። ጂፑ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ዝሆኑ ሲሻገር አጠገቤ ያለውን ባዶ ቦታ ማየት። ይህን ፍራቻ ለማንም ሳልናገር ለማረፊያዋ ጻፍኩ። ቦታ አለ ወይ?

መልሱ በማግስቱ መጣ። የጻፈው ያ የወጥ ቤቱ ሰው ነው። ቦታ አለ፤ እኚያ ቅቤ የማይበሉት ጌታ ዘንድሮ ደኅና ሆኑ ወይ? አምና ሲቀሩ አዘንን። በኮኮናት ዘይት የሞከርኩት አሁን በጣም ጥሩ ሆኗል፤ ይቀምሱልኛል።

ይህን አንብቤ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሰይፉ ሞቷል ብዬ ልጽፍ ተቀመጥኩ። እጄ እምቢ አለ። እና፣ “ለመሆኑ የእናንተ ዝሆኖች እንዴት ከረሙ?” ብዬ ጻፍኩ። ደኅና ናቸው፣ አንዷ ወልዳለች አለ። የግልገሏን ነገር ጠየቅሁ። ደግሞ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ። ስለ ቀርከሃው ጠየቅሁ። እሱ በደስታ ይመልሳል፤ በየመልሱ መጨረሻ ለጌታው ሰላምታ ያክላል። እኔ ደግሞ ሰላምታውን እቀበላለሁ! አንድ ባሕር ማዶ ያለ፣ መልኩን የማላውቀው ሰው ዘንድ ባሌ በሕይወት አለ። ወጥ እየተሠራለት ነው። እንዴት ብዬ ልግደለው?

ያኔ ነው ረቡዕና ሐሙስ የገባኝ። እነዚያ ሰዎች አላታለሉኝም። ባሌ በዓለም ላይ ሁሉ ሞቶ፣ እኔ ቤት ብቻ ትንሽ ሰነበተ። እነሱ እንባቸውን በኪኒን እየዋጡ እሱን በእኔ ዘንድ በሕይወት አቆዩልኝ። ልያን ጠርቼ ይህንኑ ነገርኳት። ዓይኗን ጠረገችና፣ “ኦኬ። ግን ሰውዬውም ማወቅ አለበት፣ ማሚ” አለች። እሷም እውነቷን ነው።

ህንድ ሲነጋ እንዲደርሰው አድርጌ ጻፍኩለት። ብቻውን እንዳይሆን ደግሞ ሰው አጠገብዎ ሲኖር ያንብቡት ብዬ ከላይ አስቀደምኩ። መልሱ አጭር ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አነበብነው፤ ይምጡ፣ ምግቡን ለእርስዎ እንሠራለን ይላል።

ይህን ለአስካለ በስልክ አነበብኩላት። አለቀሰች፤ ዘንድሮ አለርጂ ነው አላለችም። ከዚያ፣ “ስንት ሰው ነው የሚይዘው?” አለች። ምኑ? “ጂፑ ነዋ! ሐዘንተኛ ብቻውን ይተዋል እንዴ? የሰው አገር ጫካ ብቻሽን ልትገቢ?” ለካ ስትጮህ የከረመችው ዝሆኑ ከፍቷት አልነበረም። ብቻዬን መሄዴ ነው። ልያ ከሥራዋ ፈቃድ ጠየቀች። ጋሽ ደምሴ ጉልበታቸውን እያሹ፣ “ጂፕ ላይ መቀመጥ እንጂ መሮጥ የለበትም አይደል?” አሉ። ባለቤታቸውም ሽማግሌውን ብቻቸውን አልሰድም አሉ። የሙት ዓመቱን ጸሎት ሲልቨር ስፕሪንግ አድርሰን፣ የምስር ዝክራችንን በልተን፣ በማግስቱ እንነሣለን። ጂፑ ሞላ። ባዶ ቦታ የለም።

ትናንት ደግሞ የፓርኩ ደንብ መጣልን። ንጋት ላይ ነው የሚገባው። ጂፕ ውስጥ ድምፅ ፈጽሞ ክልክል ነው። ማውራት፣ መሳቅ፣ ማልቀስም ጭምር መሆኑ ነው። ልያ አንብባ በሳቅ ሞተች። “እናንተ? አክስቴ አስካለ? ጋሽ ደምሴ? ኢምፖሲብል! ዝሆኑ ገና ከሩቅ ሰምቷችሁ ይሸሻል” አለች።

ልጄ አታውቅም። እነዚህ ሰዎች እኔን ያህል ጠያቂ ፊት ቀን ከሌት አፋቸውን የዘጉ ናቸው። ዝሆንማ ምን አላት? እስኪሻገር ዝም ብለው ይጠብቁታል።

እናንተ ግን ዝም አትበሉብኝ። የሰይፉ የክርስትና ስም ኃይለ ገብርኤል ነው። ነፍሱን ይማር በሉልኝ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ።